አለቃዬ «ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያልገባ ዕቃ ፈርሚ አለኝ

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። እንደምን ከረሙ? የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ባጃጅ ይሠራል። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ዕቃ ሲገባ ቆጥሬ ሞዴል 19 የምቆርጠው፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የማስፈርመው እኔ ነኝ።

ሰኔ መጣና በጀት ሊዘጋ ነው። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ቢሮው ጠራኝ። 24 ኮምፒዩተርና 8 ፕሪንተር ገብቷል ብዬ ሞዴል 19 እንድቆርጥ አዘዘኝ። ዕቃው ግን አልገባም። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ካለፈው ዓመት የተረፈ የቶነር ካርቶንና እግሩ የተሰበረ ወንበር ነው። «አቅራቢው ሐምሌ ላይ ያስገባል። አሁን ካልተከፈለው ብሩ ተመላሽ ይሆናል። ፈርሚና እንገላገል» አለኝ። ዕቃውን አይቶ የሚያረጋግጠው ኮሚቴ፣ ሦስቱም ፈርመዋል። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ክፉ አይደለም። አንድ የጽዋ ማኅበር ነን። ባለቤቱ የትንሿ ልጄ የክርስትና እናት ናት። ሳመነታ ሲያየኝ «ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው ይል የለ? አለቃን መታዘዝ እግዚአብሔርን መታዘዝ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እናቴ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ዝም ብለሽ እንጀራሽን ብዪ» ትለኛለች። ባለቤቴም «ሦስት ሰው ፈርሞ አንቺ ብቻ ነሽ ጻድቅ?» ብሎ ተቆጣኝ። ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ የነበረው ልጅ ተመሳሳይ ነገር እምቢ ብሎ ራቅ ወዳለ ቦታ ተዛወረ። ጸሎተኛ ልጅ ነበር። እግዚአብሔር ከሹማምንት ሁሉ በላይ ከሆነ ለምን ዝም አለው? እኔንስ ዝም ቢለኝ? እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ጸሎት ስጀምር የሚመጣብኝ የቤት ኪራይ ነው። ምን ላድርግ?

የክርስትና ስሜን ብቻ ልጻፍ፣ ወለተ ማርያም ነኝ።

መልስ

እህቴ ወለተ ማርያም፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉም ልቤን የነካው «ጸሎት ስጀምር የሚመጣብኝ የቤት ኪራይ ነው» ያልሽው ነው። በዚህ አትሸማቀቂ። አባታችን ሆይ ላይ የዕለት እንጀራችንን ስጠን የምንለው እኮ ለዚሁ ነው። ኪራዩንም ይዘሽው ጸሎት ግቢ። የሁለት ልጆች እናት ስለ እንጀራዋ መፍራቷ እምነቷ ማነሱን አያሳይም።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንየው። ሞዴል 19 ላይ ስትፈርሚ «ይህን ዕቃ ቆጥሬ ተረክቤያለሁ፣ አሁን በእጄ ነው» እያልሽ ነው። ኮሚቴው የፈረመው «አይተነዋል» ብሎ ነው። አንቺ ግን «እኔ ጋ አለ» ልትዪ ነው። ሐምሌ ላይ አቅራቢው ቢጠፋ፣ ወይም 24ቱ ኮምፒዩተር 15 ሆኖ ቢመጣ፣ ኦዲተር «የት አለ? አሳዪኝ» የሚለው አንቺን ነው። ያን ቀን አለቃሽ «እኔ ነኝ ያዘዝኳት» ብሎ ከጎንሽ ይቆማል? ይህን የምጠይቅሽ ሰውየውን እንድትጠረጥሪው ብዬ አይደለም። የምታውቂው አንቺ ነሽ። ግን የነገረሽን በቃል ብቻ ነው። በጽሑፍ ስጡኝ ብትዪው ይሰጥሻል? እዚህ ላይ የሚመጣልሽን መልስ ልብ በዪው።

ክፉ ሰው አይደለም ያልሽውን አምኜሻለሁ። ሰኔ ሲደርስ የሚጨነቅ አለቃ ሁሉ ኪሱን እያሰበ አይደለም። ብሩ ተመላሽ ከሆነ ሥራው ይጓተታል። እሱም «በጀት መጠቀም ያቃተው» ተብሎ ይገመገማል። የእሱም ፍርሃት ፍርሃት ነው። ልትረጂለት ትችያለሽ። በፊርማሽ ልትሸከሚለት ግን አይገባም።

አሁን ወደ ጠቀሰልሽ ቃል እንሂድ። «ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው» የሚለው እውነት ነው፤ ሮሜ 13 ላይ አለ። የጻፈው ቅዱስ ጳውሎስ ነው። ታዲያ ጳውሎስ ራሱ ይህን ቃል እንዴት ኖረበት? ደማስቆ ላይ የከተማው ገዥ ሊይዘው ሲያስጠብቅ፣ በቅጥሩ መስኮት በቅርጫት ወርዶ አመለጠ። «ሹም ከእግዚአብሔር ነውና ይያዘኝ» ብሎ አልተቀመጠም። ፊልጵስዩስ ላይ ያለ ፍርድ ገርፈው ካሰሩት በኋላ በስውር ሊለቁት ፈለጉ። እሱ ግን ሮማዊ መሆኑን ነግሯቸው «ራሳቸው መጥተው ያውጡን» አለ። ቂሣርያ ላይ ደግሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። በመጨረሻም በኔሮን ዘመን ሮም ላይ አንገቱን ተሰይፎ ማለፉን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ይህ ሰው ሹም አክብሩ ብሏል፤ ግብር ክፈሉም ብሏል። ለሹም ብላችሁ ዋሹ ግን አላለም። እዚያው ሮሜ 13 ላይ ሹም «ለመልካም ነገር የእግዚአብሔር አገልጋይ» ነው ይላል። አለቃሽ ይህችን ሐረግ አብሮ ቢያነባት ጥሩ ነበር።

እኔ ነገሩን እንደ ውክልና ነው የማየው። ወኪል ፊርማው የሚሠራው ወካዩ በሰጠው ልክ ነው። ወካዩ አትሽጥ ያለውን ቤት ወኪሉ ተነሥቶ ቢሸጥ ሽያጩ ያከራክራል። የአለቃሽ ሥልጣን ከእግዚአብሔር ከሆነ፣ «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ሊሽር አይችልም። ጌታችንም ታስሮ ጲላጦስ ፊት ቆሞ «ከላይ ካልተሰጠህ በቀር በእኔ ላይ ምንም ሥልጣን ባልነበረህም ነበር» ሲለው ይህንኑ ማለቱ ነው። ጲላጦስ የመስቀልም የመፍታትም ሥልጣን አለኝ ብሎ ነበር። ሥልጣኑን አልካደበትም፤ የማን እንደሆነ ግን ነገረው።

ከሁሉ የከበደኝ «ለምን ዝም አለው?» ያልሽው ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመልስልሽ ሰው ቢመጣ አትቀበዪው። የማላታልልሽ አንድ ነገር አለ፤ እግዚአብሔር ከሹም በላይ ነው ማለት እምቢ ያለ ሁሉ ቦታው ላይ ይቆያል ማለት አይደለም። ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤልን ስናከብር ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት መውጣታቸውን እናስባለን። እነሱ ግን ንጉሡ ፊት ቆመው ሲናገሩ መጨረሻውን አያውቁም ነበር። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም ነው ያሉት። «ባያድነን እንኳ» የምትለዋን ያሉት ገና እሳቱን ሳይገቡ ነው።

እዚሁ ጣና ዳርም ምስክር አለን። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ቋራጣ ላይ ገዳሟ ያለውን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ታውቂያታለሽ። ባሏ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀብሎ ሕዝቡን ተከተሉኝ ሲል፣ እሷ የሞላ ቤቷን ትታ ወጣች። ንጉሡ ፊት ቀረበች፤ ተጋዘች። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ ራሱ የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብሎ አወጀ፤ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። እሷ ይህን ለማየት በቃች። ከእሷ ወገን ግን ሳያዩ ያለፉ ብዙዎች ናቸው። እግዚአብሔር ያዩትንም ያላዩትንም አልተዋቸውም ብዬ አምናለሁ። አንቺ ቤትሽን ትተሽ ውጪ ማለቴ እንዳልሆነ ግን አደራ። የአንቺ ጉዳይ አንድ ወረቀት ነው።

ስለ እግዚአብሔር ገዢነት ለአንቺ የምለው ይኼ ነው። አለቃሽ ሊያዛውርሽ ይችል ይሆናል። ሊያኮርፍሽ፣ ዕድገትሽን ሊያዘገይ ይችል ይሆናል። በሕይወትሽ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን እሱ አይደለም። ውጤቱን ሁሉ አንቺ አስልተሽ፣ አንቺ ጠብቀሽ፣ አንቺ ተሸክመሽ አትችዪውም። እንቅልፍ ያሳጣሽ እሱ ይመስለኛል። በእጅሽ ያለው ፊርማሽ ነው። ሌላውን ለባለቤቱ ተዪለት።

ስለዚያ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መሄዱን አይተሻል። ከሄደ በኋላ እንዴት እንደሆነ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ስልኩ ካለሽ ደውይለት። ደሞዙ ተነካ? ቤተሰቡ ተቸገረ? ወረቀቱ ላይ ስሙ ባለመኖሩ ዛሬ ምን ይሰማዋል? መልሱ ደስ የሚልም የማይልም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሌሊት ተኝተሽ በሐሳብሽ ከምትፈሪው፣ የሆነውን ብታውቂው ይሻልሻል።

የእናትሽን አባባል አልንቀውም። ብዙ ሹም ሲሾምና ሲሻር ያየች እናት ልጇን ለማትረፍ የምትለው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን ንጉሥ ይከሰሳል። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ። ሚስቱ ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች፤ በማኅተሙም አተመችው። ለከተማው ሽማግሌዎች ላከችው። በናቡቴ ላይ ሁለት የሐሰት ምስክር አቁሙ፣ አውጥታችሁ ውገሩት የሚል ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደታዘዙት አደረጉ። ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ መካከል «ኧረ ቆይ!» ያለ አንድ ሰው አልተጻፈልንም። ኤልያስ ግን ሄዶ ንጉሡን ፊት ለፊት «ገደልህ፣ ደግሞም ወረስህ» አለው።

አንቺን ኤልያስን ሁኚ አልልሽም። በዚያው በአክዓብ ቤት አብድዩ የሚባል ሰው ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ አዛዥ ነው። ለአንቺ የሚቀርብሽ እሱ ይመስለኛል። ኤልዛቤል ነቢያትን ስታስገድል፣ አብድዩ መቶውን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ሸሸጋቸው፤ እንጀራና ውኃ እያቀረበ መገባቸው። ሥራውን አልለቀቀም። አደባባይ ወጥቶ አልጮኸም። ጠዋት ለንጉሡ የሚገባውን ሥራ ይሠራ ነበር፤ የማይገባውን ግን አልሠራም። ፍርሃትም ነበረበት። ኤልያስ «ሂድ፣ መምጣቴን ለንጉሡ ንገረው» ሲለው፣ ይገድለኛል፣ ይገድለኛል እያለ ደጋግሞ ተከራከረ። ከዚያ ሄደና ነገረው። መጽሐፉ «እግዚአብሔርን እጅግ ይፈራ ነበር» ብሎ የመሰከረለት ለዚሁ ሰው ነው። ስለዚህ እየፈራሽም ቢሆን ትክክለኛውን ማድረግ ትችያለሽ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ «አንቺ ብቻ ነሽ ጻድቅ?» ያለው እምነት ጠልቶ አይመስለኝም። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ውሎ ማታ ሲገባ የሚታየው የወሩ ወጪ ነው። እሱ ከእንጀራና ከጽድቅ ጽድቁን የመረጥሽ መስሎታል። አለመሆኑን አሳዪው። ደክሞት በገባበት ማታ አይሁን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና ሲፈላ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘሽ አጠገቡ ቁጭ በዪ። ኪራዩን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የአስቤዛውን ጻፉ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቂው። ከቦታዬ ቢያነሱኝ ስንት ወር እንችላለን? ፈርሜ ዕቃው ቢጎድልና ቢከሱኝስ? ሁለተኛውን ጥያቄ እስካሁን አላሰበበት ይሆናል። ስለ ጽድቅ ከምትከራከሪው ስለ ኦዲት ብትነግሪው ቶሎ ይገባዋል። ፍርሃቱን ሲነግርሽ ደግሞ አታቋርጪው።

አለቃሽን ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ አግኚው። ማኅበር ላይ እንዳታነሺው። ለባለቤቱም አትንገሪ። የክርስትና እናትነቷ ለልጅሽ ነው፣ እሷን ከዚህ አውጪያት። ስትገቢ ጥቅስ ለጥቅስ አትወራወሩ። እንዲህ ብትዪው ይበቃል፦ «ጋሼ፣ ዕቃው የመጣ ዕለት ማታም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን መጥቼ እረከባለሁ። ያልገባውን ግን ገብቷል ብዬ መፈረም አልችልም። ለእርስዎም ጥሩ አይደለም።» ይኼው ነው። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም። ከዚያ መውጫ መንገድ አብረሽ ፈልጊለት። አቅራቢው ከሰኔ 30 በፊት የተወሰነውን እንኳ ማስገባት ይችላል? የገባው ብቻ ተቆጥሮ ለእሱ ብቻ ሞዴል 19 ይቆረጥ። ካልሆነ ፋይናንስ ክፍሉ በሕግ የሚፈቀድ ነገር ካለው ይጠየቅ። እምቢታሽን ከመፍትሔ ጋር ይዘሽ ስትገቢ፣ ሰውየው ከኩርፊያ የሚመለስበት በር ታገኚለታለሽ።

አሁን የያዝነው ጾመ ሐዋርያት ነው። ሐምሌ 5 የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል ነው። ሮሜ 13ን የጻፈውና «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» ያለው በአንድ ቀን ይታሰባሉ። አለቃሽ ከሁለቱ የአንዱን ቃል ብቻ ነው የነገረሽ። ጴጥሮስ ያን ሲናገር ሸንጎው ውስጥ ገማልያል የሚባል፣ ሰው የሚያከብረው መምህር ተነሥቶ ነገሩን አበረደው። ሐዋርያቱ ከመገረፍ ባይድኑም ከሞት ተረፉ። በእናንተም ቢሮ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። አለቃሽ የሚሰማው፣ ረጅም ዓመት የሠራ፣ ወሬ የማያበዛ። ለብቻሽ አማክሪው። የንስሐ አባትሽንም በዚህ ጾም አግኚያቸው። እንዲወስኑልሽ ብለሽ አትሂጂ፤ ብቻሽን እንዳትሸከሚው ብለሽ ሂጂ።

አለቃሽ ቢገፋበትስ? ያኔ ከቃል ወደ ጽሑፍ ትሄጃለሽ። ጳውሎስ ይግባኝ ሲል እግዚአብሔርን መታመን አልተወም። አንቺም ሕግ ብትጠቅሺ እምነትሽ አይጎድልም። ብዙ መሥሪያ ቤት የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍልና የውስጥ ኦዲት አለው። ስለ ሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 አለ። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም አለ፤ ጥበቃው ግን ለማንም በማንኛውም ጉዳይ የሚሰጥ አይደለም፣ ቅድመ ሁኔታ አለው። ስለዚህ ወደ ጥቆማ ከመሄድሽ በፊት የሕግ ባለሙያ አናግሪ። ጠበቃ ለመያዝ አቅሙ ከሌለሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቂ። ስትሄጂ ነገሩ መቼ እንደተጀመረ፣ ማን ምን እንዳለሽ፣ በቀን በቀኑ ጽፈሽ ያዢ።

«በአስተያየት ልፈርም»፣ «ጥግ ላይ ዕቃው ገና ነው ብዬ ልጻፍበት» የሚል ሐሳብ ቢመጣብሽ ተዪው። ወረቀቱ ሲከፈልበት አስተያየትሽን ማንም አያነበውም። ኮሚቴውን መውቀስም አሁን አያስፈልግሽም፤ እነሱም እንዳንቺ እንቅልፍ አጥተው ይሆናል። ጥያቄው ቢደጋገም በዚያው ቀን አጭር ደብዳቤ ጻፊ። ሦስት መስመር ይበቃል፦ የተጠቀሰው ዕቃ እስከዚህ ቀን ድረስ ወደ ግምጃ ቤት አልገባም፣ ስለዚህ ሞዴል 19 መቁረጥ አልቻልኩም፣ ዕቃው እንደገባ ለመረከብ ዝግጁ ነኝ። ስድብ አይኑርበት፣ ጥርጣሬም አይኑርበት። መዝገብ ቤት ወስደሽ ቁጥርና ቀን አስይዢው። የተፈረመበትን ቅጂ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አትተዪው፤ ቤትሽ ይቀመጥ።

ሐምሌ ሲገባ እንዴት እንደሆንሽ ጻፊልን። የተዛወረው ልጅ ያለሽንም ብትጨምሪበት ደስ ይለኛል።